«ዝቅተኛ የመኪና ማቆሚያ» ማለት ምን ማለት ነው?

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደንብ ውስጥ ይህ ቃል አለ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው እንደ ቤቱ ስፋት ቢያንስ ይህን ያህል የመኪና ቦታ ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ግዴታ ነው። ከከተማ ዳር መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ችግር የለም። መሃል ከተማ ግን አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል። አንድ መኪና ደግሞ ከነመዞሪያው ወደ 30 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። የተዘጋ ጫማ ቤት ካፌ ይሁን ቢባል አሥር መኪና የት ይቁም? ወይ ጎረቤቱ ይፈርሳል፣ ወይ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ደህና ቤት ቆሞ እያለ ሰው አይገባበትም። ቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 ግዴታውን አንስታለች። ማቆሚያ መሥራት አልተከለከለም፤ ደንቡ ግን ቁጥር አይቆርጥም።