ሰባኪ እንዴት ይማራል? ስብከትና ዝግጅቱ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

ስለ ቅዳሴው ተጽፏል። ስለ ዜማው፣ ስለ ቅኔው፣ ስለ አቋቋሙም ደህና ደህና መጻሕፍት አሉ። ሰባኪ ግን እንዴት ሰባኪ እንደሚሆን፣ እሑድ ጠዋት ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆመው ሰው ቅዳሜን ምን ሲያደርግ እንዳመሸ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማግኘት ይቸግራል። ይህችን ዳሰሳ ያጠናቀርኳት ለዚያ ነው። በእጄ ያለው ግጻዌው፣ የታተሙት የአንድምታ (የመጻሕፍት ትርጓሜ) መጻሕፍትና ከሰንበት ትምህርት ቤት የስብከት ዘዴ ኮርስ የተረፈ አንድ ደብተር ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሰንበት ተማሪው ቢያጋድል አትፍረዱብኝ።

ስሙ

ቃሉ ግዕዝ ነው። ሰበከ ማለት አወጀ፣ አስተማረ፣ ነገረ ማለት ነው። ጳጳሱ የሚመራው ክልል ሀገረ ስብከት ይባላል፤ ሒሳብ ክፍልም የሰው ኃይል ክፍልም አለው፣ ስሙ ግን ዛሬም የስብከት አገር ነው። በቅዳሴ ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰማው የዳዊት መዝሙር ምስባክ የሚባለውም ከዚሁ ሥር ወጥቶ ነው። የሚሰበክበት ቦታ ዐውደ ምሕረት፣ የምሕረት አደባባይ ነው። ሰባኪው ደግሞ ሰባኬ ወንጌል።

ዝግጅቱ ከግጻዌ ይጀምራል

አዲስ ሰልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስለ ምን ልስበክ?" ብሎ ነው። በእኛ ቤት ጥያቄው ግማሽ በግማሽ ተመልሷል። ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ለየዕለቱ የሚነበበውን ወስኖ አስቀምጦታል። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክታት ያነባል፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ ወይም ከይሁዳ፣ ንፍቁ ቄስ ከሐዋርያት ሥራ። ከዚያ ምስባኩ ይሰማል፣ ቄሱም ወንጌሉን ያነባል። ሰባኪው ከእነዚህ አምስቱ ፊት ይቀመጣል እንጂ ርዕስ ፍለጋ ከተማውን አይዞርም።

የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ፣ መጻጉዕን እንውሰድ። ወንጌሉ ዮሐንስ 5 ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው ሰው ታሪክ። (መጻጉዕ ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው፤ የሰውየው የተጸውዖ ስም የሚመስለው ብዙ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።) ከገላትያ 5 የነፃነት ቃል ይነበባል፣ ከያዕቆብ 5 "የታመመ ማንም ቢኖር" የሚለው፣ ከሐዋርያት ሥራ 3 ደግሞ መልካም በተባለው በር ተቀምጦ ይለምን የነበረው ሽባ። ምስባኩ ከመዝሙር 40 ነው፦ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዓራተ ሕማሙ"፤ እግዚአብሔር በሕማሙ አልጋ ላይ ይረዳዋል።

በኮርሱ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ይኸው ነበር። አምስቱን በአንድ ገጽ ጽፈህ ና፣ ከአምስቱ የሚወጣውን አንድ ዐረፍተ ነገር ከሥር አስምርበት። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አብዛኞቻችን ስለ ጠበል፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ በሽተኛ ጥየቃ፣ ሁሉንም ባንዴ ጽፈን መጣን። መምህሩ የሁሉንም ወረቀት መለሰና "ሰው የለኝም" የሚለውን የመጻጉዕን ቃል ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ያዕቆብ ወደ ታመመው ካህናት ይጠሩ ማለቱ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በሩ ላይ ለተቀመጠው ሽባ እጃቸውን መዘርጋታቸው፣ ምስባኩ ራሱ፣ ሁሉም ለዚያች ቃል መልስ ሆነው ታዩን። አንድ ስብከት አንድ ቃል ይበቃዋል የሚባለው ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል። የአንድምታ ስልት ንባቡን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ "አንድም" እያለ ሌላ መንገድ ይከፍታል፣ መካከል ላይ ታሪክ ያስገባል። የመጠመቂያው አምስት መመላለሻ (በረንዳ) የአምስቱ ብሔረ ኦሪት፣ የአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ምሳሌ ነው፣ መጠመቂያው የጥምቀት ምሳሌ ነው የሚለው በየዐውደ ምሕረቱ የሚሰማው ከዚህ ወግ የመጣ ነው። የተፈወሰው ሰው ኋላ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ መታ የሚለውም እንደዚሁ፤ ወንጌሉ ላይ አልተጻፈም፣ በትውፊት ግን የታወቀ ነው። ጥሩ ሰባኪ ንባቡንና ትውፊቱን ለይቶ ይናገራል። ሁሉም አይለይም። ሌላው የጀማሪ በሽታ ቁጥር ነው፤ 38 ላይ ምሥጢር ፍለጋ ሲወርድ ሰዓቱ ያልቃል።

ድሮ

ስብከት በእኛ ቤት አዲስ ነገር ነው፣ ከፕሮቴስታንቶች ጋር በመፎካከር የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን ከሣቴ ብርሃን የተባለው አባ ሰላማ ምን ሲያደርግ ነበር? በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ? በ15ኛው መቶ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የጻፈው መጽሐፈ ምሥጢር በበዓላት እየተከፋፈለ እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ሕዝቡ በሰንበታት እንዲማር ብርቱ ትእዛዝ የሰጠ ንጉሥ ነበር። የዮሐንስ አፈወርቅ ድርሳንና ተግሣጽ ደግሞ ሊቃውንቱ ዕድሜ ልካቸውን የሚያመሰኩት ነው። እርግጥ ነው፣ በግዕዝ የተጻፈ ድርሳን ማንበብና ለገበሬው በገዛ አፉ ማስረዳት አንድ አይደሉም፤ በዚህ ላይ ተቺዎቹ የሚሉት ነገር አላቸው ሊባል ይችል ይሆናል።

ከዚያ እስከ ጎንደር ያለው ብዙ የሚነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን የአማርኛው አንድምታ ጎልብቶ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ተለየ፤ ዛሬ በስፋት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው።

የአብነቱ መንገድ

ይህኛው ረጅም ነው፣ ግን ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ቅኔ ቤት። ቅኔ ቤት ለሰባኪ የሚሰጠው ነገር በቀላሉ አይታይም። በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ውስጥ ሰምና ወርቅ ማስቀመጥ የለመደ ሰው ቃል አያባክንም፤ አድማጩ ራሱ እንዲደርስበት መንገዱን ብቻ ያሳያል። በመጨረሻ መጽሐፍ ቤት ነው፤ ጉባኤያቱም አራት ናቸው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ብሉዩ 46 ሐዲሱ 35፣ በድምሩ 81 መጻሕፍት ናቸው። አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፣ የኔታ ይተረጉማሉ፣ የቀረው ሰምቶ ይይዛል። ቀን ለምኖ፣ ማታ ቀጽሎ (ትምህርቱን አጥንቶ)። በዚህ መልክ አንዱን ጉባኤ ብቻ ለመጨረስ ዓመታት ይሄዳሉ።

የሚገርመው ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ "እንዴት ይሰበካል" የሚባል ትምህርት የለም። የኔታ ሲተረጉሙ የሰማ ሰው ሲሰብክ እሳቸውን ይመስላል፣ በቃ። አንዳንዶቹ አራት ዓይና ሊቅ፣ አራቱንም ጉባኤ የጨረሱ ናቸው፣ ማይክ ፊት ሲቆሙ ግን ሕዝቡ ያዛጋል። ይህን ስል በድፍረት አይደለም፤ ራሳቸው ሊቃውንቱም ይቀልዱበታል።

ኮሌጅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ዝዋይ

የስብከት ዘዴ ራሱን ችሎ ኮርስ የሆነው በመንፈሳዊ ኮሌጆች ነው። ቅድስት ሥላሴ በንጉሡ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር፣ በደርግ ተዘጋ፣ ከደርግ በኋላ ተከፈተ። ሰዋስወ ብርሃን ቅዱስ ጳውሎስ አዲስ አበባ፣ ከሳቴ ብርሃን ደግሞ መቀሌ ናቸው።

በዚያ በተዘጋው ዘመን መካከል ግን ዝዋይ አለች። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም፣ የካህናት ማሠልጠኛ አቋቋሙ። ለእምነት መከራ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት። ካህኑን ብቻ አላሠለጠኑም፤ ዘመናዊ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶችንም በክረምት ሰብስበው አስተማሩ። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በቀላል አማርኛ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ዛሬ ዐውደ ምሕረት ላይ ብሉይ ከሐዲስ እያስማማ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ የከተማው ልጅ በሚሰማው ቋንቋ የሚሰብክ መምህር ስታዩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ መልሱ ስንት ጊዜ ዝዋይ እንደሚያደርሳችሁ ታያላችሁ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጸሎት ተሰባሰቡ፤ በ1984 ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያት (የተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤዎች) ለብዙ ምእመን ሰባኪ የመጀመሪያ መድረክ ናቸው። መሐንዲሱም ሐኪሙም እዚያ ቆሞ ተንተባትቧል።

የእኔ የመጀመሪያ መድረክ ጽዋ ማኅበር ነበር። 30 ደቂቃ ተሰጥቶኝ የአንድ ሳምንት ዝግጅቴን በ7 ደቂቃ ጨረስኩት። ከዚያ ዝም። አንዲት እናት "ልጄ፣ ውኃ ጠጣና ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት፤ ሁለተኛው ተሻለ። ከዚያ በኋላ መምህራችን ያስገደዱንን ነገር ተረዳሁ፦ ስብከቱን ጮክ ብለህ፣ ሰዓት ይዘህ፣ ቆመህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለብቻህ በለው። በክፍል ውስጥ ደግሞ 10 ደቂቃ ትሰብካለህ፣ ጓደኞችህ ይተቹሃል። ጨካኞች ናቸው፣ ግን ይጠቅማል።

ዐውደ ምሕረት ላይ

በስመ አብ ተብሎ ይጀመራል፣ ወስብሐት ለእግዚአብሔር ተብሎ ያበቃል፣ ሕዝቡም "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ይላል። በመካከል ያለው እንደ ሰባኪው ነው። ወረቀት ይዞ መቆም እንደ ድክመት ስለሚታይ ብዙዎች ጥቅሱን በቃል ያጠናሉ፤ ጥቂቶች ትንሽ ማስታወሻ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ። ግዕዙን ጠቅሶ ወዲያው በአማርኛ መፍታት ግዴታ ሊባል የሚችል ልማድ ነው። ግዕዙን ብቻ አዝንቦ የሚሄድ ሰው ራሱን አስደነቀ እንጂ አላስተማረም። ምሳሌ ከስንክሳሩ ይወጣል፣ የዕለቱ ቅዱስ ታሪክ ስለሚገኝበት፤ ከሰፈር ኑሮም ይወጣል። አድማጩ ከሌሊት ጀምሮ በባዶ ሆዱ የቆመ መሆኑን የዘነጋ ሰባኪ ግን ምሳሌም አያድነውም።

መቼ ይሰበክ የሚለው አንድ ወጥ አይደለም። ቦታው ከወንጌል ንባብ በኋላ ነው የሚሉ አሉ፤ በተግባር በብዙ ደብሮች ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል፣ በሠርክ ጉባኤም ማታ ማታ ይሰበካል። ምእመን ይስበክ ወይስ ክህነት ያለው ብቻ የሚለውም ያከራክራል፤ ባለው አሠራር ከሀገረ ስብከት የስብከት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ይህም ተገቢ ነው። ሴቶች በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ስለ መቆም 1ኛ ቆሮንቶስ 14ን ጠቅሰው የሚከለክሉ ይበዛሉ፣ ነገሩ በየቦታው በተለያየ መንገድ ይታያል።

ሌሎች

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥልጠናው ሌላ መልክ አለው። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 አዲስ አበባ ተከፈተ። እዚያ ትምህርቱ ሆሚሌቲክስ ይባላል፤ አንዱን ክፍል ቁጥር በቁጥር የሚፈታውን ገላጭ ስብከት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሄደውን ርዕሳዊ ስብከት ብለው ይለያሉ።

ካሴት፣ ስልክና ባሕር ማዶ

ስብከት በካሴት ሲሸጥ ሰልጣኙ አዲስ መምህር አገኘ። ካሴቱን እየመለሰ ይሰማል፣ ድምፁን ሳይቀር ይቀዳል። አሁን ዩቲዩብ ነው፤ ቲክቶክ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትምህርት 40 ሰከንዷን ቆርጦ ያወጣል። በዚህ የተነሳ ለተቆራጯ 40 ሰከንድ ብለው የሚዘጋጁ እንዳሉ በግልጽ ይታያል። ምስባኩ ሳይጠቀስ፣ ወንጌሉ ሳይነካ፣ ቀልዱ ብቻ ይዞራል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ደብሮች ፈተናው ሌላ ነው። ወላጆች አማርኛውን ይሰማሉ፣ እዚያ የተወለዱት ልጆች ይቁነጠነጣሉ። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ከአማርኛው በኋላ አጠር ያለ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፣ ሌላ ቦታ ልጆቹ ለብቻቸው ወደ ሌላ ክፍል ይገባሉ። ለሰባኪው ዝግጅቱ ሁለት እጥፍ ነው። ግዕዙን ወደ አማርኛ የሚፈታበትን ወግ ከየኔታ ተምሮታል፣ አንድምታውን በእንግሊዝኛ የሚፈታበትን ግን ማንም አላስተማረውም፤ በአብዛኛው ቅዳሜ ማታ ከራሱ ልጆች ጋር ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይለማመደዋል፣ እነሱም አነጋገሩን እያረሙ ይስቁበታል።