ለጫጉላ ሽርሽር የሚመረጡ የጃፓን ሪዮካኖችና ቅንጡ ሆቴሎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጫጉላ ጊዜያቸውን በጃፓን ለማሳለፍ የወሰኑ ሙሽሮች የሚያርፉባቸው ቤቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በትልልቆቹ ከተሞች የሚገኘው ቅንጡ ሆቴል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሪዮካን የሚባለውና አብዛኛውን ጊዜ ከፍል ውሃ ጋር የተያያዘው ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጃፓን ለማረፊያዎች መንግሥታዊ የኮከብ ደረጃ ስለማትሰጥ፣ በተለይ ሪዮካን የሚመረጠው በመታጠቢያው፣ በእራቱና በመስተንግዶው ነው።

ከሪዮካኖቹ ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው በያማናሺ ተራሮች መካከል የሚገኘው ኒሺያማ ኦንሰን ኬዩንካን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ705 የተመሠረተ የዓለማችን አንጋፋ ሆቴል እንደሆነ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ቀድሞ ይህ ክብር በኢሺካዋ የሚገኘው የሆሺ ሪዮካን ነበር፤ እርሱም የምሥረታ ዓመቱን 718 ያደርጋል። ሁለቱም ዓመታት የቤቶቹ የራሳቸው ትውፊት ናቸው። በቀጣዮቹ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ማረፊያዎቹን በብዛት የሚሹት ፈውስ ፈላጊዎችና ተሳላሚዎች ነበሩ።

ዘርፉ መልክ የያዘው ጃፓን በቶኩጋዋ ቤተሰብ የጦር ገዢዎች ትመራ በነበረበት ዘመን ነው። በ1635 የወጣው ደንብ መሳፍንቱ በየተራ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ እየሄዱ እንዲቀመጡ ስላስገደዳቸው፣ ኤዶን ከኪዮቶ በሚያገናኘው የቶካይዶ መንገድ ላይ በነበሩት 53 ጣቢያዎች ለመሳፍንቱና ለአጃቢዎቻቸው ሆንጂን፣ ለተራው መንገደኛ ደግሞ ሃታጎ የተባሉ ማረፊያዎች ተስፋፉ። ከአዳሩ ጋር እራትና ቁርስ አብሮ የማቅረቡ ልማድ በሃታጎዎቹ ጸንቶ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ የሪዮካን ዋጋ እንደ ሆቴል በክፍል ሳይሆን በሰው የሚሰላውም ሁለቱን ማዕዶች ስለሚጨምር ነው። የምዕራባውያን ዓይነት ሆቴል የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በኒኮ ካናያ በ1873፣ በሃኮኔ ፉጂያ በ1878፣ በቶኪዮም ኢምፔሪያል ሆቴል በ1890 ተከፍተዋል።

ጃፓናውያን ራሳቸው የጫጉላ ሽርሽርን መቼ እንደጀመሩ ያከራክራል። በሰፊው የሚነገረው ሳካሞቶ ሪዮማ የተባለው ዝነኛ ሳሙራይ በ1866 ቁስሉን ሊያስታምም ከባለቤቱ ከኦሪዮ ጋር ወደ ኪሪሺማ ፍል ውሃዎች ያደረገው ጉዞ የመጀመሪያው ነው የሚለው ነው፤ ሌላው ሳሙራይ ኮማትሱ ታቴዋኪ አሥር ዓመት ይቀድመዋል የሚሉም አልጠፉም። ልማዱ የብዙኃን የሆነው ግን ያለ ጥርጥር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሱጋ በ1960 ከተጋቡ በኋላ ሚያዛኪን በመጎብኘታቸው ግዛቲቱ የሙሽሮች መናኸሪያ ሆና፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገሪቱ አዳዲስ ተጋቢዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወደዚያ ይጓዙ ነበር። የውጭ አገር ጉዞ ሲቀል ግን ሙሽሮቹ ፊታቸውን ወደ ሃዋይ አዞሩ። በ1980 ገደማ ከ80 ሺህ በላይ የነበሩት ሪዮካኖችም ዛሬ ከግማሽ በታች ወርደዋል።

ከተረፉት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የኪዮቶዎቹ ታዋራያና ሂራጊያ ናቸው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተቀመጡት እነዚህ ቤቶች ለትውልዶች በቤተሰብ እጅ የቆዩ ሲሆኑ፣ ታዋራያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ ክፍሎቹም 18 ብቻ ናቸው። በ1818 የተመሠረተው ሂራጊያ የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ያሱናሪ ካዋባታ አዘውትሮ ያርፍበት የነበረ ቤት ነው። በኢዙ ልሳነ ምድር ሹዜንጂ የሚገኘውና ከ1489 ጀምሮ የኖረው አሳባ በኩሬው ላይ ኖህ የተባለው ጥንታዊ የጃፓን ቴአትር መድረክ ያለው ሲሆን፣ በሃኮኔ የሚገኘው ጎራ ካዳን ደግሞ ቀድሞ የልዑላን ቤተሰብ የበጋ መኖሪያ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ በቅንጡነት የሚጠራ ሆቴል ብዙ ነው፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች የሚሰጡትን እርጋታ ግን ከፎቅ ላይ ሆኖ ማግኘት ያስቸግራል።

በሪዮካን እንግዳ የሚገባው በአብዛኛው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። ጫማ በመግቢያው ይቀራል፤ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማውም ቢሆን ታታሚ የተባለው የሣር ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል አይረገጥበትም። አስተናጋጇ ተንበርክካ አረንጓዴ ሻይና ጣፋጭ ካቀረበች በኋላ የእራቱን ሰዓት ትጠይቃለች። ዩካታ የተባለው የጥጥ ልብስ ሲለበስ ግራው በቀኙ ላይ መደረብ አለበት፤ ቀኙን ከላይ ማድረግ የአስከሬን አለባበስ ነው። ካይሴኪ የተባለው እራት በትናንሽ ሳህኖች እየተከታተለ ይመጣና በሩዝ፣ በሾርባና በጨው ተቀምሞ በቆየ አትክልት ያበቃል። ፍራሹ ቀን ቀን በቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይቆያል፤ የሚነጠፈው ሙሽሮቹ እራት ወይም መታጠቢያ ላይ ሳሉ ነው። እራቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ አሥራ ሁለትና አንድ ሰዓት ተኩል መካከል ስለሚቀርብ፣ አምሽቶ መድረስ የከፈሉበትን ግማሽ ማጣት ነው።

ለሙሽሮች ዋናው ጥያቄ መታጠቢያው ነው። በጋራው ፍል ውሃ ወንድና ሴት ተለያይተው፣ አስቀድመው ሰውነታቸውን ታጥበው፣ ያለ ዋና ልብስ ይገባሉ፤ አንድ ላይ መታጠብ የሚፈልጉ ጥንዶች በሰዓት የሚከራይ የግል መታጠቢያ ያለውን ቤት ወይም የራሱ የደጅ ገንዳ ያለውን ክፍል ሊይዙ ይገባል። የኋለኛው ውድ ቢሆንም ሌላ ነገር ቀንሶ ለእርሱ ማዋሉ የተሻለ ነው። ብዙ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው ወደ ጋራ መታጠቢያ ስለማያስገቡ፣ በአንገት ወይም በክንድ ላይ መስቀል ለተነቀሱ እንግዶችም መፍትሔው ይኸው ነው።

በምግብ በኩል ጾም የሚጾሙ ኢትዮጵያውያን አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የጃፓን ወጥ ቤት መሠረት የሆነው ዳሺ የተባለው መረቅ በብዛት ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ስለሚሠራ፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ዓሣ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ዓሣ የማይበሉ ሙሽሮች ገና ክፍል ሲይዙ ማሳወቅ አለባቸው፤ በዕለቱ መናገር አይጠቅምም። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማዕድ የሚቀርበው በኮያ ተራራ በሚገኙት የቡድሃ ገዳማት ማረፊያዎች ነው፤ ቅንጡ ግን አይባሉም። ለሙስሊሞች ደግሞ ሳኬና ሚሪን የተባሉት አልኮል ያለባቸው የሩዝ መጠጦች በወጡ ውስጥ የሚገቡ መሆናቸው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ በጥር የሚያገቡ ሙሽሮች የሚደርሱት በረዶ በደጅ ፍል ውሃዎች ዙሪያ በሚከመርበት ጊዜ ነው፤ በያማጋታ የሚገኘው ጊንዛንና በአኪታ የሚገኘው ኒውቶ የተባሉት የፍል ውሃ ስፍራዎች የሚያምሩት ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚደገሱ ሠርጎች ግን በፈረንጆች ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ ከሚውለው የጃፓን ተከታታይ በዓል ጋር ሊገጥሙ ስለሚችሉ፣ ዋጋው ይንራል፣ ክፍልም ይጠፋል። ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የፍል ውሃ ግብር አለ፤ በአብዛኛው ቦታ በሰው በአዳር 150 የን ነው።

ከቶኪዮ ሆቴሎች አማን በ2014 በኦቴማቺ ሕንፃ አናት ላይ የተከፈተ ሲሆን 84 ክፍሎች አሉት። እዚያው ሰፈር በ2016 የተከፈተው ሆሺኖያ ከመሬት በታች 1500 ሜትር ተቆፍሮ በወጣ ፍል ውሃ ሪዮካንን ወደ ከተማ ያመጣ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ስለሚያርፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በቶኪዮ ሆቴል አርፎ ድካምን ማውጣትና ከዚያ ወደ ሪዮካን መሻገር ይመረጣል። ትልልቁን ሻንጣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ በታክዩቢን፣ ማለትም በሻንጣ አድራሽ አገልግሎት፣ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይልከዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በማግስቱ ይደርሳል።