የሕይወት ክህሎት ትምህርት ምንድን ነው?

አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ኩረጃ ነውር መሆኑን ያውቃል። ይህንኑ በፈተና ቢጠየቅ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባል። ጓደኛው ከኋላ በእግሩ እየነካካ «10ኛውን ብቻ» ሲለው ግን ወረቀቱን ገለጥ ያደርግለታል። በዚያች ቅጽበት ሳይርበተበት፣ ጓደኛውንም ሳያዋርድ «አላሳይህም» ማለት አቅቶታል። የሕይወት ክህሎት ትምህርት እንዲህ ያለውን ችሎታ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ በማለማመድ ማስያዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው ሰነድ 10 መሠረታዊ ክህሎቶችን ዘርዝሯል፦ ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ አዲስ መንገድ ማሰብ፣ የሰሙትን መመርመር፣ ሐሳብን በአግባቡ መግለጽ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መግራት፣ ጭንቀትን መቋቋም። ዝርዝሩ ለመምህሩ ዕቅድ ማውጫ ነው። ተማሪው እንዲሸመድደው ከተደረገ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል።

በአገራችን የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ለዓመታት በ11 እሴቶች ላይ ተዋቅሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሕግ የበላይነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ ከእነዚህ ይገኙበታል። ዛሬ ታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ፣ ላይኞቹ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ይማራሉ። እነዚህ ትምህርቶች ትክክሉ የቱ እንደሆነ ያሳያሉ። የሕይወት ክህሎት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ትክክል መሆኑ የታወቀውን ነገር ሰው እየገፋፋን፣ እያፈርን ወይም እየተናደድን እንዴት እንፈጽመዋለን? ሁለቱ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ናቸው። ነገር ግን ሁለተኛው በገለጻና በማስታወሻ አይሰጥም። የኃላፊነትን ትርጉም ደብተር ላይ ያስጻፈ መምህር ትርጉሙን አስተማረ እንጂ ኃላፊነት መውሰድን አላስተማረም።

በዚህ ረገድ አሜሪካ ውስጥ የታየው ብዙ ያስተምራል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ የተጀመረው ዴር የተባለ ፕሮግራም ፖሊሶች ክፍል እየገቡ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምሩበት ነበር። በአገሪቱ በሰፊው ቢዳረስም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በተማሩትና ባልተማሩት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጊልበርት ቦትቪን ያዘጋጀው የሕይወት ክህሎት ሥልጠና በአንጻሩ ልምምድን ማዕከል አድርጎ ለሦስት ዓመት ይዘልቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት 15፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው 5 ክፍለ ጊዜ። የኋለኞቹ ዓመታት ሥራ የተለመደውን ማደስ ነው። ለዓመት መዝጊያ እንግዳ ጋብዞ ለሁለት ሰዓት ማስመከር ውጤት የማያመጣውም ለዚህ ነው።

«60 ተማሪ ባለበት ክፍል ልምምድ አይሞከርም» የሚለው ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። ይሞከራል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ከተቀመጡ ሦስቱ አንድ ቡድን ናቸው፤ ማንም ከቦታው ሳይነሳ 20 ቡድን ይገኛል። አንዱ ይገፋፋል፣ ሁለተኛው እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ይታዘባል።

የእኩያ ግፊትን ለመቋቋም የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች መምህሩ አንድ አጭር ገጠመኝ ያነባል። በቀጣዮቹ 7 ደቂቃዎች ከአንድ ተማሪ ጋር ሆኖ ራሱ ያሳያል፤ ገፋፊውን መምህሩ ይጫወታል። ከዚያ 18 ደቂቃ ለሦስት ዙር ልምምድ ይሰጣል። በየዙሩ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ የታዛቢው አስተያየት፣ ከዚያም ሚና መለዋወጥ። 7 ደቂቃ ለውይይት፣ የመጨረሻው 3 ደቂቃ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞከር አንድ ተግባር። ሰዓት ሲያጥር ገለጻው ይቀነስ፤ ከልምምዱ ላይ አንድም ደቂቃ አይነካ።

እምቢታው አራት ክፍል አለው። የተጠየቀውን በስሙ መጥራት፦ «መልሱን እንዳሳይህ ነው የምትፈልገው?»። በግልጽ እምቢ ማለት፦ «አላሳይህም»። አንድ አጭር ምክንያት መስጠት። በመጨረሻም ምትክ ማቅረብ፦ «ለሚቀጥለው ፈተና አብረን እናጥና»። ልጆች በብዛት የሚሰናከሉት ሦስተኛው ላይ ነው። አንዱን ምክንያት ተናግረው ዝም ማለት ይጨንቃቸውና አራትና አምስት ይደረድራሉ፤ ገፋፊውም አንድ በአንድ ያፈርስባቸዋል። ስለዚህ ታዛቢው ከሁሉ በፊት ምክንያቶቹን ይቁጠር።

ከእኩያ ይልቅ የሚከብደው ታላቅን እምቢ ማለት ነው። ይሉኝታ ልጅን አንደበቱን ያስረዋል። ይህን የዘለለ ትምህርት ለእኛ ልጆች ግማሽ ትምህርት ነው። ወሎ ውስጥ አንዲት ተማሪ በቤተሰብ ወዳጅነት የቀረባት ደላላ ዓረብ አገር እንድትሄድ ቢያባብላት «እምቢ በይ» የሚል ምክር ብቻ አይጠቅማትም፤ ከአፏ የሚወጣው ቃል ያስፈልጋታል። «ጋሼ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ትምህርቴን ሳልጨርስ አልሄድም። ከዚህ በኋላ ከአባቴ ጋር ይነጋገሩ» ብላ ክፍል ውስጥ ሦስቴ ጮክ ብላ ከተናገረችው በዕለቱ ቃሉ ከአፏ አይጠፋም። ገጠመኙ ከአካባቢው መወሰድ አለበት፤ አንዱ ጋ «ለጥናት ያነቃሃል» ተብሎ የሚቀርብ ጫት፣ ሌላው ጋ የሺሻ ቤት ግብዣ ይሆናል።

ልምምዱ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ገፋፊ ሆኖ መጫወት ስለሚያስቅ ክፍሉ ወደ ድራማ ይለወጣል። መፍትሔው ገፋፊው ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። መምህሩ ራሱ በየመሐሉ ወደ ስብከት ሲመለስም ተማሪው የሚያምንበትን ትቶ መምህሩ መስማት የሚፈልገውን መናገር ይጀምራል። «ማነው ጫት የቀመሰ? እጅ አውጣ» የሚል ጥያቄ ደግሞ ፈጽሞ መጠየቅ የለበትም፤ የግል ጉዳይ በክፍል ፊት ከወጣ መሳለቂያ ይሆናል። ገጠመኞች ስም ሳይጻፍባቸው በወረቀት ይሰብሰቡ፣ መምህሩ ለይቶና ዝርዝሩን ለውጦ ያቅርባቸው።

መልካም ጠባይ ግን በሳምንታዊ ልምምድ ብቻ አይታነጽም፤ የትምህርት ቤቱ ውሎ ራሱ ማስተማር አለበት። በብዙ ክፍሎች ጎበዙ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አለቃ ሆኖ የረባሽ ስም ይመዘግባል። ኃላፊነትን የሚለማመደው እሱ ብቻ ነው፤ 59ኙ መታዘዝን ወይም መደበቅን ይማራሉ። አለቅነቱ በየሁለት ሳምንቱ ቢዞር፣ መጻሕፍት ማደል፣ ዛፍ ማጠጣት፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ማስታወቂያ ማንበብ በተራ ቢከፋፈል ብዙ ልጆች ይዳረሳቸዋል። ምስጋናም በተሠራው ሥራ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ከማለት «የወደቀውን ብር ለባለቤቱ መለስሽ» ማለት ልጅቷ ነገ ምን እንደምትደግም ይነግራታል።

ምዘናውን በተመለከተ የምርጫ ጥያቄ እዚህ አይሠራም። መምህሩ በየሳምንቱ 10 ተማሪዎችን መርጦ በሦስት ነጥቦች ይታዘብ፦ ሌላው ሲናገር ጨርሶ ያዳምጣል? ተቃውሞውን ሳይሳደብ ይገልጻል? የተቀበለውን ሥራ በሰዓቱ ያደርሳል? «ገና»፣ «ሲታገዝ»፣ «በራሱ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። በስድስት ሳምንት 60ው ተማሪ ይዳረሳል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያው ዙር ሲደገም ለውጡ በግልጽ ይነበባል። ይህ መዝገብ ከደረጃ ማውጫ ነጥብ ጋር መደመር የለበትም፤ ነጥብ ሲታከልበት ልጆች ለመምህሩ ዓይን መኖር ይጀምራሉ።

በልምምድ መሐል አንድ ልጅ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ወይም ያለዕድሜ ልትዳር እንደሆነ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። መምህሩ በዚያው ሰዓት በክፍል ፊት አይጠይቅ። ከክፍል በኋላ ሰው በሚያያቸው፣ ግን በማይሰማቸው ቦታ ያነጋግር፤ «ለማንም አልናገርም» ብሎም ቃል አይግባ፤ ጉዳዩ ለትምህርት ቤቱ አመራር ወይም አማካሪ ካለ ለእሱ መድረስ ይኖርበታልና።