የገበያ ሥዕል በሥነ ጥበብ አደባባይ፦ ከሀዋሳ ሲታይ

ኪትሽ የሚባለው በብዛት እየተባዛ በርካሽ የሚሸጥ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስሜትን ቶሎ የሚነካ ምስልና ጌጥ ነው። ሀዋሳ ላይ ሞልቷል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለንግሥ የሚመጣው ምእመን በቅዱስ ገብርኤል ዙሪያ በፕላስቲክ የታሸጉ የቅዱሳን ሥዕሎችን ይሸምታል። ብዙዎቹ ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው፣ ከአውሮፓ ሥዕል የተቀዱ ናቸው፤ ትልልቅ ጥቁር ዓይን ካላቸው የብራና ቅዱሳን ጋር ዝምድናቸው በስም ብቻ ነው። ያው ሥዕል የባጃጅ መስታወት ላይ ከፕላስቲክ ጽጌረዳና ከእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ አርማ ጎን ተለጥፎ ይገኛል።

ባለፉት አርባ ዓመታት ከቅኝ ግዛት ከወጡ አገሮች የተነሡ በርካታ ሠዓሊያን እንዲህ ያለውን ዕቃ ንቀው አላለፉትም፤ የሥራቸው ጥሬ ዕቃ አደረጉት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ተወልዶ ሌጎስ ያደገው ዪንካ ሾኒባሬ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የሚሠራበት ባለ ደማቅ አበባ ጨርቅ በዓለም ሁሉ «የአፍሪካ ልብስ» ይባላል፤ ይሁንና ሆላንዶች የኢንዶኔዥያዋን ደሴት የጃቫን ባቲክ (በሰም ጥለት የሚወጣለት ቀለም የተነከረ ጨርቅ) በማሽን አስመስለው አምርተው ለምዕራብ አፍሪካ የሸጡት ነው። ሾኒባሬ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ባቆመው ሥራ የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አዛዥ የአድሚራል ኔልሰንን የጦር መርከብ አምሳያ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ሸራዎቿን በዚህ ጨርቅ ሠራ። ሞሮኳዊው ሐሰን ሐጃጅም የፎቶግራፎቹን ክፈፍ በለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮና በምግብ ጣሳ ይደረድራል።

ኢትዮጵያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ በቀር በቅኝ ግዛት አልተገዛችም። ስለዚህ ከቅኝ ግዛት የወጡ አገሮች ሠዓሊያን የሚያነሡት ጉዳይ እኛን አይመለከተንም የሚሉ አሉ፤ ቸኩለዋል። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍል የሚተርከው የገበያ ሥዕል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ዋና ደንበኛው የውጭ አገር ሰው ነው። ራሳችንን ለእንግዳ ዓይን ስለን ስንሸጥ ኖረናል ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፋ፣ የከተማዋ ሱቆች ደግሞ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመ ሽፎን «የሀበሻ ቀሚስ» ከውጭ አስመጥተው ይሰቅላሉ። ለሾኒባሬ ዓይነት ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ አይገኝም።

በአገራችን ለዚህ አሠራር የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ ነው። ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒውተር ክፍል እየሰበሰበ ግዙፍ ሥራዎችን ያበጃል። ይሁን እንጂ የሚያተኩረው ከምስሉ ይልቅ በቁሱ ላይ በመሆኑ ከኪትሽ ሠዓሊያን ተርታ ማሰለፍ ያከራክራል።

ወቀሳም አለ። በጥቂት ብር የተገዛው ጌጥ ማሳያ አዳራሽ ሲገባ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ መጀመሪያ የሠራውና የሸጠው ሰው ግን አይታወስም። ይህ ወቀሳ የማይደርስበት የኪንሻሳው ሠዓሊ ሼሪ ሳምባ ነው፤ እሱ ራሱ የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ጀምሮ፣ ሥዕሎቹ ላይ ጽሑፍና ብልጭልጭ መጨመሩን ፓሪስ ከገባ በኋላም አልተወም።