በ«ጉበት» ውስጥ ጨረቃ የለችም፦ ስለ ሥጋ ራዲካል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቻይንኛ ወይም ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ጉበት፣ ሳንባ፣ አንጀትና አንጎል የሚጻፉባቸውን ምልክቶች ሲመለከት በሁሉም ግራ ጎን ጨረቃን የመሰለች ቅርጽ ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜም የጥንት ቻይናውያን የሰውን አካል ከጨረቃ ጋር ያያይዙት ስለነበር ነው ይባላል። ማብራሪያው ለማስታወስ ቢመችም ስሕተት ነው። ቅርጹ የመጣው ከቁራጭ ሥጋ ሥዕል ሲሆን፣ በሌሎች ምልክቶች ውስጥ እየጠበበ ሲጻፍ ከጨረቃ ጋር ተመሳሰለ። ጃፓኖች ሁለቱ እንዳይምታቱ የሥጋውን ራዲካል (ራዲካል ማለት አንድ ምልክት በመዝገበ ቃላት የሚመደብበት የምልክቱ ክፍል ነው) «ኒኩዙኪ»፣ ማለትም «የሥጋ ጨረቃ» ይሉታል።

መልካቸው አንድ ስለሆነ ራዲካላቸውም አንድ ነው የሚለው አመለካከት መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1716 በተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ከ214ቱ ራዲካሎች ጨረቃ 74ኛ፣ ሥጋ ደግሞ 130ኛ ነው። የተራራቁት አደራደሩ በጭረት ብዛት ስለሆነ ነው፦ ጨረቃ 4 ጭረት አላት፣ ሥጋ ግን ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ 6 ጭረት አለው። የዛሬዎቹ የዋናው ቻይና መዝገበ ቃላት የሥጋውን ቅርጽ በጨረቃ ሥር ማስገባታቸው ለፍለጋ እንዲመች እንጂ የዘር ሐረጉ ተለውጦ አይደለም። በታይዋን የተደነገገው አጻጻፍ እስከ ዛሬ የሁለቱን የውስጥ ጭረቶች ይለያል፤ በእኔ እምነት ለተማሪ የሚበጀው ይህ ነው።

ሥጋ ካልሆነ ጨረቃ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። «ልብስ» በሚለው ምልክት ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ቅርጽ መነሻው ጀልባ ነው፤ ቻይናዊው ሊቅ ሹ ሸን እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት በጀልባ ሥር መድቦት ነበር፤ ካንግሺ ግን በጨረቃ ሥር አስገባው።

ራዲካል ሁልጊዜ በግራ ይቀመጣል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በ«ጨጓራ»፣ በ«ትከሻ» እና በ«ጀርባ» ሥጋው ከታች ነው።

በመጨረሻም፣ ራዲካሉ የቃሉን ድምፅ ይነግራል ብለው የሚጠብቁ አሉ። በ«ጉበት» ውስጥ «ጋን» የሚለውን ንባብ የሚሰጠው የቀኙ ክፍል ነው፤ ሥጋው የሚናገረው ነገሩ የአካል ክፍል መሆኑን ብቻ ነው። «ጊዜ» ወይም «ዘመን» በሚለው ምልክት ደግሞ «ቺ» የሚለው ድምፅ ከግራው ሲገኝ፣ በቀኝ ያለችው እውነተኛዋ ጨረቃ ናት፤ በቻይንኛ «ዩዌ» ጨረቃም ወርም ነውና፣ ልክ በግእዝ «ወርኅ» ሁለቱንም እንደሚሰይም።