ንቀቱ ንግዱን ተከትሎ መጣ

አፍሪካውያንና አውሮፓውያን ዛሬም የሚተያዩበት ዓይን ከአትላንቲክ የባሪያ ንግድ አልተላቀቀም። ንግዱ ከሦስት ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በመርከብ አስጭኗል። ከእነዚህ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ያህሉ መሬት ሳይረግጡ ባሕር ላይ አልቀዋል። ይህን ያህል ከባድ ታሪክ በተዛባ መንገድ ሲወራ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም፤ ስለዚህ በየቦታው የሚወሩትን አባባሎች አንድ በአንድ በጥቅስ እያስቀመጥኩ ከሥራቸው መልስ እሰጣለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አውሮፓውያን ጠመንጃ ይዘው መጥተው ሰውን እንደ ከብት እየነዱ ወሰዱ»

መጀመሪያ ላይ ሞክረውታል። በ1440ዎቹ የፖርቱጋል መርከበኞች በሰሃራ ዳርቻ ያገኙትን ሰው ይፈነግሉ ነበር። በ1444 ላጎስ በምትባል የፖርቱጋል ወደብ 235 ምርኮኞች ቤተሰብ ከቤተሰብ እየተለየ ተከፋፍለዋል። ወደ ሴኔጋምቢያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዎቹ ሴኔጋልና ጋምቢያ አካባቢ፣ ሲዘልቁ ግን የገጠማቸው ሌላ ነው። በ1446 ኑኖ ትሪስታኦ የተባለው አዛዥ ከአብዛኞቹ ሰዎቹ ጋር በመርዛም ቀስት አለቀ። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል ዘውድ ከአካባቢው ገዥዎች ጋር የሚዋዋል መልእክተኛ መላክ ግድ ሆነበት። በ1482 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር፣ ኤልሚና ላይ ምሽግ የሠሩትም ባላባቱን ለምነው ነው። ባላባቱ ወዳጆች አልፎ አልፎ ቢገናኙ ወዳጅነታቸው ይጸናል ብሎ እንዳንገራገረ የፖርቱጋሎቹ የራሳቸው ዜና መዋዕል መዝግቦታል። ወባና ቢጫ ወባም እንግዶቹን በየባሕሩ ዳርቻ ሲፈጃቸው ኖሯል። አንጎላ ግን ከዚህ ትለያለች፤ እዚያ ፖርቱጋሎች ራሳቸው እየዘመቱ ማርከዋል።

«አፍሪካውያን የገዛ ወንድሞቻቸውን ሸጡ»

የሸጡ ነገሥታትና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ራሱን «አፍሪካዊ» ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። በብዛት የተሸጠው የባላንጣ አገር ምርኮኛ፣ ዕዳ የያዘው ወይም ወንጀለኛ የተባለ ሰው ነው። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጊቤ አካባቢ ሰው እየገዙ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይነዱ የነበሩ የአገራችን ነጋዴዎች የነዱትን ሰው እንደ ወንድም አላዩትም፤ ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅም የወጣው በ1942 ነው።

ሁሉም ሸጠ ማለትም ስሕተት ነው። የቤኒን ነገሥታት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወንድ ምርኮኛ ለውጭ ገበያ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የኮንጎው ንጉሥ ቀዳማዊ አፎንሶ ታሪክ ነው። አፎንሶ ክርስቲያን ነበሩ፤ ፖርቱጋልኛ ያጽፉ፣ ትምህርት ቤት ይከፍቱ ነበር። እርሳቸውም የጦር ምርኮኛ ሸጠዋል። ንግዱ ግን ከእጃቸው አፈትልኮ ወጣ። በ1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ ነጋዴዎቹ የአገሩን ልጆች፣ የመኳንንቱን ልጆች፣ የንጉሡን ዘመዶች ሳይቀር በየቀኑ እየወሰዱ አገሩን ሰው አልባ እያደረጉት መሆኑን ገልጸዋል። ከፖርቱጋል የሚፈልጉትም ካህናትና መምህራን፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆን ወይንና ዱቄት ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። ንግዱን ማስቆም ባይችሉም፣ የሚሸጠው ሰው በእርግጥ ምርኮኛ መሆኑን የሚያጣሩ ሦስት ሹማምንት አቆሙ። ይህን መንግሥት በኋላ የገጠመው ዕጣ መራራ ነው፦ በ1665 የኮንጎ ንጉሥ አንቶኒዮ ምብዊላ በተባለ ስፍራ ከፖርቱጋሎች ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ አንጎላ ውስጥ የፖርቱጋሎች መቀመጫ ወደነበረችው ሉዋንዳ ተወሰደ።

«ነጮች ጥቁርን ከመጀመሪያው ስለናቁ ባሪያ አደረጉት»

አፎንሶ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ሲጽፉ «ወንድሜ» ይሉ ነበር። ሊዝበን የተማረውን ልጃቸውን ሄንሪኬን ሮም በ1518 ጳጳስ አድርጋ ሾመችው። መጀመሪያ ላይ ንቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ 235ቱ ምርኮኞች በተከፋፈሉበት ዘመንም ባርነትን በሃይማኖት የሚያጸድቁ ነበሩ። ንቀቱ ግን ሥርዓትና ሕግ የሆነው ትርፉ ከተደላደለ በኋላ ነው። በሰሜን አሜሪካ የነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ በ1662 ልጅ የእናቱን ባርነት እንዲወርስ ደነገገች። ሰውን ከነዘሩ ንብረት ያደረገ ሕግ፣ ያ ሰው ከሰው በታች ነው የሚል ማመካኛ መፈለጉ አይቀርም።

«አፍሪካውያን በዶቃና በመስታወት ተታለሉ»

ገበያተኛው የሚገዛውን ያውቅ ነበር። በብዛት የሚፈለገው የሕንድ ጨርቅ ነበር፤ ከማልዲቭስ የሚመጣ ዛጎል፣ ብረት፣ አረቄና ጠመንጃም ነበረበት። ጎረቤቱ ጠመንጃ የታጠቀበት ንጉሥ እርሱም ጠመንጃ ያሻዋል፤ ሻጩ ደግሞ ምርኮኛ አምጣ ይለዋል።

«የተጋዙት ወደ አሜሪካ ነው»

ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደምትባለው ምድር በቀጥታ የደረሱት 400 ሺህ አይሞሉም። ብራዚል የወሰደችው ወደ አምስት ሚሊዮን ይጠጋል።

«አውሮፓውያን ራርተው ንግዱን አስቆሙት»

ለዚህ በቅንነት የታገሉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በ1791 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በካሪቢያኗ ሳንዶሚንግ ላይ ተነሥተው በ1804 ሄይቲን የመሠረቱት ራሳቸው በባርነት የተያዙት ናቸው። እንግሊዝ ንግዱን በ1807 ከከለከለች በኋላ፣ በ1833 ባርነትን በሻረው ሕግ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበችው ለጌቶቹ ነው፤ ባሪያ ተደርገው የኖሩት ግን ምንም አላገኙም። በ1851 ደግሞ የባሪያ ንግድ ላስቁም ብላ የዛሬይቱን የናይጄሪያ ከተማ ሌጎስን በመድፍ ደበደበች። ከአሥር ዓመት በኋላ የሌጎሱ ንጉሥ ዶሱንሙ፣ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተማቸው ፊት ቆሞ እያስፈራራ፣ ከተማቸውን የሚያስረክብ ውል ፈረሙ።