«ካናዳ ኮታ ከፈተች» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሰነድ እተረጉማለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ሥራው አልሰለቸኝም። የሰለቸኝ ደንበኛው ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ዘርግቶ የሚያሳየኝ የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። «ጋሼ፣ ካናዳ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ልትወስድ ነው፤ አሳይለም ተከፍቷል፤ ይሙሉልኝ።» አሳይለም የሚለው ጥገኝነት መጠየቁን ነው።

ግማሽ ሚሊዮኑ ፈጠራ አይደለም። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዕቅድ በ2025 500,000 ቋሚ ነዋሪ እቀበላለሁ ብሎ ነበር። በ2024 ግን ያንኑ ቁጥር ወደ 395,000 አወረደው፤ የ2026ቱን ደግሞ 380,000 አደረገው። ቪዲዮው ይህን አይነግርህም። ቁጥሩም ቢሆን የአሳይለም አይደለም፤ የሠራተኛው፣ የቤተሰቡ፣ የስደተኛው ሁሉ ድምር ነው። ከ2025ቱ ከ40 በመቶ በላዩ የታሰበው እዚያው አገር በጊዜያዊ ፈቃድ ለሚኖሩ ነው።

ለምን ቀነሱት? የሐዋሳ ሰው ይህን መጠየቅ አልነበረበትም። በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ፣ ከየወረዳው የመጡት ልጃገረዶች አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ሲከራዩ አይተናል፤ አከራዩም ምን እንዳደረገ እናውቃለን። የካናዳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ3 በመቶ በላይ አደገ፤ ጭማሪው ከሞላ ጎደል ከውጭ በገባ ሰው ነው፣ ብዙውም ተማሪና ጊዜያዊ ሠራተኛ። የቤት ኪራይ ናረ፣ ሰዉ አጉረመረመ፣ መንግሥት ኮታ ቀነሰ። «ዘረኝነት ነው» የሚሉኝ አሉ። እሱም አይጠፋም፤ ግን ኪራይ ከፋይ ሁሉ ዘረኛ ከሆነ እኔም ነኝ።

አሳይለም ደግሞ እንደ ዲቪ ቀን ተቆርጦለት የሚከፈት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ እንዳይሳደድ በበቂ ምክንያት የሚፈራ፣ ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ነው። ከአገሩ ውጭ! እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የምትሞላው አሳይለም የለም። ድህነትም ከአምስቱ ውስጥ አልተጻፈም። ይህን ስናገር ስምምነቱን እኔ ያረቀቅሁት ይመስል ያኮርፉኛል።

ግማሹ ጥፋት የቋንቋችን ነው። ሥራ ፍለጋ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደውም «ስደተኛ»፣ ጥይት ሸሽቶ ጋምቤላ የገባውም «ስደተኛ»። ሕጉ ግን ሁለቱን ለየቅል ነው የሚያያቸው።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ «ኬዝ ይገዛል» የሚለው ነው፤ ኬዝ ማለት አሳይለም ጠያቂው ለምን እንደተሰደደ የሚያቀርበው ታሪክ ነው። አምና አንድ ልጅ ከሆሳዕና በኩል ሦስት ገጽ ኬዝ ይዞ መጣ። ጋዜጠኛ ነበርኩ ይላል ወረቀቱ።

«የቱ ጋዜጣ ላይ?» አልኩት።

«እሱን ደላላው ኋላ ይነግረኛል።»

አባቱ በሬ ሸጠው ነው የከፈሉለት። ኢንተርቪው የሚያደርገው ኦፊሰር አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ እያዟዟረ እንደሚጠይቅ፣ ያው ደላላ ያንኑ ኬዝ ለሌላ ስንት ልጅ ሸጦት ሊሆን እንደሚችል፣ ውሸቱ ከተነቃ በኋላ እውነቱንም የሚያምነው እንደማይኖር ነገርኩት። አልተረጎምኩለትም። ከእኔ ሁለት በር አልፎ ያለው ተረጎመለት።

የቀሩትን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው።

«ጣልያን ገብተህ ጀርመን እጅ ትሰጣለህ፣ አሳይለም ትጠይቃለህ።» አሻራህ ጣልያን ከተነሳ ወደዚያው ሊመልሱህ ይችላሉ።

«አሜሪካ ከገቡ በፈለጉት ጊዜ መጠየቅ ነው።» በገባህ በ1 ዓመት ውስጥ ነው፤ ካለፈ በቂ ምክንያት ታቀርባለህ።

«ስደተኛ የሚሸከመው ፈረንጅ ብቻ ነው።» ኢትዮጵያ ራሷ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይዛለች፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን።

«ወጣቱ የሚሄደው ስለበዛን ነው።» መብዛቱንስ በዝተናል። ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ስንቆጠር 73.7 ሚሊዮን ነበርን፤ ዛሬ ግምቱ 130 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 4.6 ልጅ ነበር፣ ከተማ ላይ 2.3። ከተሜው ወሊድ ቀንሷል፤ ፊቴ የሚቀመጠው ከተሜ ግን አልቀነሰም፣ ዲግሪውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ሥራ ብታገኝ ትቀራለህ ወይ ስለው የሚመልስልኝን ቪዲዮ ላይ አላየሁትም።

ለማንኛውም ፎርም ልታስሞላ ከመጣህ ቪዲዮውን ተወውና ሰነዶችህን ጎን ለጎን ዘርግተህ ስምህን አንብብ። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤል»፣ ዲግሪው ላይ በሁለት «ኤል»፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ የአያት ስም ጭራሽ ሌላ። የደንበኞቼን ፋይል ሲያስመልስ ያየሁት ይኼ ነው። ማስተካከያው ጊዜ ይበላል፤ ቀጠሮህ ሳምንት ሲቀረው አትምጣብኝ።